ለከባድ ሥራ የትኛውን ሰዓት ልስጠው?

የጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የማነሣው ጥያቄ ስለ ሥራ ሰዓት ማነስና መብዛት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ በእነዚያ ስምንት ሰዓታት ውስጥ የትኛው ሥራ መቼ ቢሠራ እንደሚሻል ግን አዋጅ የሚነግረን ነገር ስላልሆነ፣ ከእናንተ ልምድና ዕውቀት ለመማር እፈልጋለሁ።

ጠዋት 2፡30 ወንበሬ ላይ ስቀመጥ አእምሮዬ ጥርት ያለ ነው፤ እስከ 5 ሰዓት ገደማም እንደዚያው ይቆያል። የባንክ መግለጫውን ከመዝገባችን ጋር ለማስታረቅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለኝም። ይሁን እንጂ ጠዋቱ የባለጉዳይ ሰዓት ነው። የመሠረታዊ ማኅበራት ሒሳብ ያዦች ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሉማሜ በማለዳ ተሳፍረው ከ3፡30 ጀምሮ ይደርሳሉ፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሒሳባቸውን አወራርደው በዚያው ቀን መመለስ ስላለባቸው እነርሱን ደጅ ማስጠናት ነውር ነው። ስለዚህ ማስታረቁ ወደ ከሰዓት ይገፋል። ከሰዓት ደግሞ ከ7፡30 ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ዐይኔ ተገልጦ ወረቀቱን እያየሁ እንኳ የማነበው አይገባኝም።

ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ የማውቀው በክፍላችን ሒሳብ ስናጣራ ነው። የሁለት ወገን ድምር ሳይገጥም ቀርቶ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ የሙያው ሰዎች አስቀድመን የምንጠረጥረው ሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ነው፤ 5,400 መጻፍ ሲገባው 4,500 ቢጻፍ ልዩነቱ 900 ይሆናልና። እንዲህ ያሉትን ግድፈቶች ተከታትለን ስንደርስባቸው አብዛኞቹ ከምሳ በኋላ ከተመዘገቡ ቫውቸሮች ይወጣሉ። መዝጋቢው ሒሳቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ደክሟል።

አሁን ሰኔ እየተቃረበ ነው፤ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የማስታረቁ ሥራ በእጥፍ ይጨምራል። እንግዲህ የከሰዓቱ መፍዘዝ ከምሳው የመጣ ነው ወይስ ከተፈጥሮ? አንዳንድ ታላላቆቻችን እንደሚሉት ስንፍና ከሆነም በቀጥታ ንገሩኝ። ቡናስ መፍትሔ ይሆናል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጠዋቱ በሌላ ሰው እጅ ያለ ሠራተኛ ቀኑን እንዴት ሊያደራጅ ይችላል?

ጤና መኮንን (ፍኖተ ሰላም)፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በመጀመሪያ ደረጃ፣ የሚገልጹት ሁኔታ ስንፍና አይደለም።

በአንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ 20,000 ያህል ነርቭ ሕዋሳት ያሉት ትንሽ የሰዓት ማእከል አለ። ይህ ማእከል የሰውነት ሙቀትን፣ የሆርሞኖችን መውጣትና መቀነስ፣ የንቃትንና የእንቅልፍን ተራ ይመራል። ብቻውን ቢተው ዑደቱ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚረዝም፣ በየቀኑ የሚያስተካክለው በዐይን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው። የዚህን ሰዓት አሠራር በጂኖች ደረጃ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያጠኑት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ስለዚህ የምናወራው ስለ ስሜት ሳይሆን በአብዛኞቹ ሕዋሳቶቻችን ውስጥ ስላለ አሠራር ነው።

ንቃትን የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንደኛው ከነቃንበት ጊዜ ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄደው የእንቅልፍ ግፊት ነው፤ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ያለው አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎል ውስጥ ይበዛል፣ ስንተኛ ደግሞ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከላይ የጠቀስሁት ሰዓት የሚሰጠው የንቃት ድጋፍ ነው። ጠዋት ግፊቱ ገና አነስተኛ ስለሆነ አእምሮ ይጠራል። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ግፊቱ እየበረታ ሲሄድ የሰዓቱ ድጋፍ ገና በበቂ ሁኔታ አልደረሰም፤ መፍዘዙ የሚመጣው በዚህ ክፍተት ነው። ምሳ ያልበላ ሰውም ቢሆን ይህ መፍዘዝ ያገኘዋል። ከባድ ምሳ ያብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም፤ ሌሊቱን በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ላይ ደግሞ በጣም ይጠነክራል። ስለዚህ ስለ ሥራ ሰዓት አደረጃጀት ከመነጋገራችን በፊት፣ ማታ ስንት ሰዓት ተኝተው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሡ ራስዎን ይጠይቁ። በየሌሊቱ አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው የትኛውንም ዓይነት መርሐ ግብር ቢያወጣ አይጠቅመውም።

ስለ ቡና ልንገርዎ። ካፌን አዴኖሲንን አያስወግደውም፤ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይዞ መልእክቱ እንዳይሰማ ያደርጋል። ካፌኑ ሲለቅ የተጠራቀመው ድካም በአንድ ጊዜ ይሰማል። በጤናማ ጎልማሳ ሰው ከጠጣው ካፌን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በነፍሰ ጡር ሴትና የእርግዝና መከላከያ እንክብል በምትወስድ ሴት ላይ ከዚህም ይረዝማል። እንግዲህ ቀኑን 10 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣ ቡና፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በሰውነት ውስጥ ነው። እንቅልፍ ወስዶዎት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ በማግሥቱ ከሰዓት የሚመጣውም መፍዘዝ ይብሳል፣ ያንን ለመቋቋም ደግሞ ሌላ ቡና ይጠጣል። ቡናን ተው ማለቴ አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር መጠራራቱ ራሱ ለጤና የሚበጅ ነገር ነው። የመጨረሻውን ስኒ ከ8 ሰዓት ባያሳልፉት ግን እመክራለሁ።

በሥራዬ የማየውን አንድ ነገር ልጨምር። በሌሊት ተረኝነት ወቅት ከሁሉ የሚከፋው ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ያለው ነው፤ የሰውነት ሙቀት ዝቅተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው በዚያ አካባቢ ነውና። በዚያ ሰዓት በኪሎ ግራም የሚሰላ የሕፃን መድኃኒት መስጠት ካስፈለገ፣ አንዱ ያሰላል፣ ሌላው የመጀመሪያውን ስሌት ሳያይ ለብቻው ያሰላል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ውጤቶች ይነጻጸራሉ። ሰዓቱን መምረጥ ስለማንችል ሥራውን በሁለት ሰው ዐይን እንጠብቀዋለን። እርስዎም ከሰዓት መመዝገብ ግዴታ ከሆነብዎ፣ ቫውቸሩን አንድ ሰው አኃዝ በአኃዝ እያነበበ ሌላው ቢመዘግብ ያ የተገላበጠ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

የሒሳብ መምህርት (ሞጣ)፦

ጤና መኮንኑ የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ግን የጠያቂውን ቀን ሰዓት በሰዓት ስመለከተው ሁለት ያልተነኩ ጊዜዎች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ከ2፡30 እስከ 3፡30 ያለው ነው። ባለጉዳዮቹ ከየወረዳው የሚደርሱት ከ3፡30 ጀምሮ መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል። ታዲያ ያ የመጀመሪያው ሰዓት ወዴት ይሄዳል? በብዙ መሥሪያ ቤት የሚያልፈው ሰላምታ በመለዋወጥ፣ ሻይ በመጠጣትና በቴሌግራም የመጣውን በማንበብ ነው። ሰላምታው አይቅር፤ ለእኛ አገር ሰው የቤተሰብ ደኅንነት ሳይጠይቁ ሥራ መጀመር አይሆንለትም። ነገር ግን የቀኑን ከባድ ገጽ ማታ ከቢሮ ሳይወጡ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የት እንደ ደረሱ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቢሄዱ፣ ጠዋት ምን ልሥራ ብሎ ማሰብ ሳያስፈልግ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ያገኛሉ። ለማስታረቅ ሥራ ሃምሳ ያልተቋረጠ ደቂቃ፣ ከሰዓት ከሚገኝ ሁለት የተቆራረጠ ሰዓት ይበልጣል።

ሁለተኛው ከ9፡30 በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ከምሳ በኋላ ሲፈዝ ቀኑ አለቀ ብሎ ይደመድማል፤ ይህ ትክክል አይደለም። የሰውነት ሙቀት እስከ አመሻሹ ድረስ ከፍ ማለቱን ይቀጥላል፤ የሰዓቱ የንቃት ድጋፍም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ከ9፡30 እስከ 11፡30 ለብዙ ሰው ሁለተኛ ጥሩ ጊዜ ነው። ከ7፡30 እስከ 9፡30 ያለውን ለማኅተምና ለፋይል ሥራ፣ ቫውቸሮችን በቁጥር ተራ ለማስቀመጥ፣ ስልክ ለመደወል፣ ወደ ባንክ በእግር ለመሄድ ያውሉት። መራመድና የቀን ብርሃን ማግኘት ራሱ ያነቃል። ማስታረቁን ደግሞ በ9፡30 ይቀጥሉ።

በእኔ ሥራም የማደርገው ይህንኑ ነው። የፈተና ጥያቄ የማወጣው በጠዋት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ እንዳይኖረው ማጣራት ሙሉ አእምሮ ይጠይቃል። የምርጫ ጥያቄ የማርመው ግን ከምሳ በኋላ ነው፤ መልሱ በተበሳ ወረቀት ላይ ስላለ ወረቀቱን በላዩ አድርጎ መቁጠር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ጥንቃቄ እንድታደርጉ እፈልጋለሁ። በየዘጠና ደቂቃው ሰውነት ይደክማልና በየዘጠና ደቂቃው ዕረፍት ውሰዱ የሚል ምክር በየቦታው ይነበባል። የሐሳቡ መነሻ የእንቅልፍ ተመራማሪው ናትናኤል ክላይትማን ነው፤ በእንቅልፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ዑደት መኖሩ የታወቀ ቢሆንም፣ ነቅተን ሳለ በዚያው ልክ እንደሚቀጥል የሚያሳየው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም። ስለዚህ ሥራው በደንብ እየሄደልዎ ሳለ ሰዓቱ ደረሰ ብለው አይነሡ።

ክላይትማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአንድ ተማሪው ጋር በኬንታኪ ማሞዝ ዋሻ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሳያዩ ከአንድ ወር በላይ ተቀምጠው፣ ቀኑን 28 ሰዓት አድርገው ለመኖር ሞክረው ነበር። ወጣቱ ተማሪ ሰውነቱ አዲሱን ቀን ሲለምድ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የነበረው ክላይትማን ግን የሰውነቱ ሙቀት በቀድሞው የ24 ሰዓት ዑደት መሄዱን ቀጠለ። ሰው በፈቃዱ ብቻ የውስጥ ሰዓቱን ሊያዝ እንደማይችል፣ ሰውም ከሰው እንደሚለያይ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በተማሪዎቼ ላይም ይህን አያለሁ። ከጉርምስና ጀምሮ እስከ 20 ዓመት አካባቢ የሰው ሰዓት ወደ ምሽት ይገፋል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ማለዳ ይመለሳል። በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ የደረሰው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያንቀላፋ፣ ያው ልጅ በቀጣዩ መንፈቀ ዓመት ወደ ከሰዓት ፈረቃ ሲዛወር እጁን ለማውጣት የመጀመሪያው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሰነፍ የተባለው ልጅ ያልተኛ ልጅ ነው፤ ወላጆች ይህን ቢያውቁልን እንዴት ደስ ባለኝ።

ልብስ ሰፊ (ቡሬ)፦

እስካሁን የተጻፈውን በጥሞና አነበብሁ፤ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሁላችሁም ጠዋት ለሁሉም ሰው ምርጥ እንደሆነ፣ ሰዓቱም የራሳችን እንደሆነ አድርጋችሁ ስለጻፋችሁ፣ እኔ ከሌላ ወገን ልናገር።

የአገር ባህል ልብስ ሰፊ ነኝ። በሥራዬ ውስጥ ሊመለስ የማይችል አንድ ነገር ቢኖር መቁረጥ ነው። ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፤ ቁልፍ ቢጣመም ይነቀላል። ከሸማኔ በውድ የተገዛ፣ ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር የተሠራ ጨርቅ ግን አንድ ጊዜ መቀስ ከገባበት በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። የግራና የቀኙ ጥለት በደረት ላይ እንዲገጥም፣ ለስፌት የሚታጠፈው እንዲቀነስ፣ የሙሽራዋ ልክ እንዲጨመር አስልቶ በጠመኔ ማስመር በጣም ብዙ ትኩረት ይጠይቃል። እኔ ይህን ጠዋት ልሥራ ብል አይሆንልኝም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ልጆች አለብሳለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፤ ሱቄን ስከፍት እጄ ይሠራል እንጂ ጭንቅላቴ ገና አልነቃም። ከልጅነቴም ጀምሮ የማመሽ እንጂ የማለዳ ሰው አይደለሁም። አእምሮዬ የሚጠራው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ።

ስለዚህ መርሐ ግብር ከማውጣቴ በፊት ከአማቴ ጋር መነጋገር ነበረብኝ። እርሳቸው በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ልጆቹን እንዲይዙልኝ ተስማምተን፣ በእነዚያ ቀናት የሳምንቱን ጨርቅ ሁሉ እቆርጣለሁ። የተቆረጠውን በየደንበኛው ስም ጠቅልዬ አስቀምጥና፣ በቀሩት ቀናት ጠዋት ጠዋት ስፌቱን በመኪና እሠራለሁ፤ ያ እጅ የለመደው ሥራ ስለሆነ ቢፈዝዙም አይበላሽም። ዘምዘማና ቁልፍ መትከል ከምሳ በኋላ ቡና እየተጠጣ ይሠራል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርግ ሲበዛ፣ ይህ ሥርዓት ባይኖረኝ ኖሮ የተቀበልሁትን ትእዛዝ በቀኑ ማድረስ አልችልም ነበር።

ለሴቶች እህቶቼ የምለው ነገር አለኝ። ቀንሽን እንደ ጉልበትሽ አደራጂ የሚል ምክር ስትሰሙ፣ ቀኑ በሙሉ እንዲታዘዛችሁ አትጠብቁ፤ በቤት ውስጥ ካለው ሰው ጋር ተነጋግራችሁ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለዋናው ሥራ አስከብሩ። ባሎችም ይህን ቢያነቡ፣ ሚስቶቻቸው በየትኛው ሰዓት እንደሚነቁ ጠይቀው ያውቁ እንደሆነ ራሳቸውን ይጠይቁ።

የጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ በዝርዝር ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የመምህርቷን አስተያየት ካነበብሁ በኋላ ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ተነጋገርሁ። ባለጉዳዮች እስኪደርሱ ድረስ ያለው የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ለማስታረቅ እንዲሆንልኝ፣ በዚያ ሰዓት የሚመጣ የውስጥ ጥያቄም ለባልደረባዬ እንዲቀርብ ተስማምተዋል፤ እኔም በተራዬ ከሰዓት የእርሱን ባለጉዳይ አስተናግዳለሁ። ቫውቸር ጮክ ብሎ እያነበቡ መመዝገቡንም ከሰኔ መጀመሪያ አንሥቶ ለመሞከር ተስማምተናል። ልብስ ሰፊዋ እህታችን የጻፈችው ደግሞ እኔ ፈጽሞ ያላሰብሁበት ነገር ስለሆነ፣ ማታ ለባለቤቴ አንብቤላት ብዙ ተነጋገርንበት።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ይህ ሁሉ በፍስክ ወራት ነው። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ምን ያድርግ? ያን ጊዜ ጠዋትም ራስ ምታት ይይዘኛል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ በልቼ ስመለስ ያ ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ የተባለው አይገኝም።

የቃል ተማሪ የነበርሁ (ቢቸና)፦

ለመጨረሻው ጥያቄ ካለፍሁበት ተነሥቼ ልናገር። አሁን በወረዳ ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት እተዳደራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በአብነት ትምህርት ቤት ቆይቻለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ሥራው ለሰዓቱ የተለየ ነው። የቃል ትምህርት በሌሊት ያለ መብራት ከመምህሩ አፍ እየተቀበሉ ይደገማል፤ ለመስማትና ለማስታወስ ጨለማው አያስቸግርምና። ንባብ ዐይን ስለሚፈልግ በቀን ብርሃን ይሆናል። ቀኑ ከፍ ሲል ደግሞ አኩፋዳ ይዞ ቁራሽ መለመን፣ እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት አለ። ማንም ሰው ስለ አንጎል ሰዓት አላስተማረንም፤ ሆኖም ከባዱን የቃል ትምህርት በተራበና በፀሐይ በደከመ ሰውነት ላይ የሚጭን መምህር አላየሁም። አባቴም አራሽ ነበርና፣ በማለዳ ጠምዶ ፀሐይ ስትበረታ በሬዎቹን ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ለአረም፣ ለአጥርና ለመሣሪያ ማበጀት ነው። በሬው ሲለግም ያረሰው ትልም እንደሚጣመም ስለሚያውቅ፣ ጊዜ አለኝ ብሎ አይገፋም።

በጾም ወራት እኔ የማደርገው ቀኑን ወደ ማለዳ መግፋት ነው። በጎጃም የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በየካቲትም ሆነ በመጋቢት 12 ሰዓት አካባቢ ይነጋል። ከጸሎት በኋላ፣ ቢሮ ሳይከፈት፣ አስቸጋሪውን ደብዳቤ በቤቴ አርቅቄ እጨርሳለሁ። ከ6 ሰዓት በኋላ አዲስ ነገር አልጀምርም። ከ9 ሰዓት በኋላ የሚቀረው ጊዜ ለፋይል ነው። ማታ በጊዜ ካልተኙ ግን ይህ አይሠራም፤ ለኪዳን የሚነሣ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን ሲያይ ካመሸ በማግሥቱ የሚወቅሰው ጾሙን ነው።

ጤና መኮንን (ፍኖተ ሰላም)፦

የቀድሞው የቃል ተማሪ ያሉት ከሕክምናው ጋር ይስማማል፤ የተማርነው ነገር በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ውስጥ ስለሚጸና፣ ከመኝታ በፊት መድገምና ጎሕ ሲቀድ ደግሞ መከለስ ለማስታወስ ጥሩ ነው።

በጾም ወቅት ስለሚይዝዎት የጠዋት ራስ ምታት ግን ራበኝ ብለው ብቻ አይተዉት። በየቀኑ ጠዋት ቡና የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ፣ ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ድብርትና ትኩረት ማጣት ይጀምረዋል። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት የሚታየው መፍዘዝ ለብዙ ሰው በከፊል ከዚህ የሚመጣ ነው። ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምረው ስኒውን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ፣ ጊዜውንም ከጠዋት ወደ ቀትር ቢያሸጋግሩት ሰውነት ሳይደነግጥ ይለምደዋል። ውኃ ማነስም ራስ ያሳምማል፤ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እስከ መኝታ ድረስ ቀስ እያሉ በቂ ውኃ ይጠጡ፣ በአንድ ጊዜ አይደለም።

ስለ 9 ሰዓቱ ምግብ፣ ያን ጊዜ ሙሉ ማዕድ በልተው ወደ ቢሮ ከሚመለሱ ይልቅ፣ ጥቂት ቆሎ ወይም አንድ ዳቦና ውኃ ወስደው እስከ 11፡30 ሠርተው ዋናውን ምግብ ቤት ቢበሉ፣ ያ ሁለተኛ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በከፊል ይገኛል። ካልተቻለ ደግሞ ከመመለስዎ በፊት ወንበር ላይ ተደግፈው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተኙ፤ ማንቂያ መሙላት አይርሱ። ከዚያ ከበለጠ አንጎል ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ስለሚገባ፣ ሲነሡ ከቀድሞው የባሰ መፍዘዝ ይይዛል። ስኳር፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም በየሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ከማድረጉ በፊት የሚከታተለውን ሐኪም፣ ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባቱን ያማክር።